አእምሯቸው በተለየ መንገድ ለሚሠራ ሰዎች የሚመች መሥሪያ ቤትና የቦርድ ስብሰባ

የአንድ ኩባንያ የዳይሬክተሮች ቦርድ ሲሰበሰብ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የሚከተለው ነው። ከመቶ ገጽ የሚያልፍ ሰነድ በስብሰባው ዋዜማ ማታ ይላካል፤ በማግስቱ ሰብሳቢው አጀንዳውን በቃል ያስተዋውቃል፤ ሥራ አስኪያጁ ስላይድ እያሳየ በፍጥነት ያልፋል፤ ከዚያም አስተያየት ያለው ሰው እንዲናገር ይጠየቃል። ድምፁ ጎላ ያለና ሐሳቡን እዚያው በቃል መቅረጽ የሚችል አባል ይናገራል፤ ነገሩን አውጥቶና አውርዶ ለመናገር ጊዜ የሚያስፈልገው አባል ግን ተራው ሳይደርሰው ውሳኔው ያልፋል፤ ቃለ ጉባኤውም ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መጽደቁን መዝግቦ ይዘጋል። ይህ አሠራር በልማድ የመጣ እንጂ ሌላ አማራጭ የሌለው አይደለም። በፍጥነት ለሚያነብ፣ በጫጫታ መካከል ለሚያስብና ያልተነገረውን ከሰው ፊት ለሚረዳ አንድ ዓይነት አእምሮ የተበጀ ነው፤ አእምሮው እንዲህ የማይሠራ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ኦቲዝም፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረትን በተፈለገው ነገር ላይ ለማዋል መቸገር)፣ ዲስሌክሲያ (በንባብና በጽሕፈት መቸገር) እና መሰል የአእምሮ አሠራር ልዩነት ያላቸው ሰዎች በመሥሪያ ቤት፣ በተለይም በቦርድ ደረጃ፣ ለምን ወደ ዳር እንደሚገፉና ምን ቢደረግ ተገቢ ቦታቸውን እንደሚያገኙ ነው። የማምንበትን ከወዲሁ ልግለጽ፤ ዋናው ጉዳይ እንዲህ ያለውን ሰው እንቅጠር ወይስ አንቅጠር የሚለው አይደለም። እነዚህ ሰዎች ዛሬም በየቢሮውና በየቦርዱ አሉ፤ አብዛኞቹ ስለራሳቸው ለማንም አልተናገሩም፤ ብዙዎቹም ልዩነቱ እንዳላቸው ራሳቸው አያውቁም። ጥያቄው የምናዝዝበት፣ የምንሰበሰብበት፣ የሰውን ችሎታ የምንመዝንበትና የምንሾምበት ልማድ ይህን ሰው ያሠራዋል ወይስ ያባክነዋል የሚለው ነው።

በዓለም ዙሪያ ኒውሮዳይቨርሲቲ በመባል የሚታወቀው አስተሳሰብ የተስፋፋው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። አውስትራሊያዊቷ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ ጁዲ ሲንገር በ1998 በመመረቂያ ጥናታቸው ስለተጠቀሙበት ለረጅም ጊዜ የእርሳቸው ግኝት ተደርጎ ሲነገር ቆይቷል፤ ይሁንና ሐሳቡ በዚያው ዘመን ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች በኢንተርኔት ያደርጉት በነበረው ውይይት በጋራ የተገነባ ነው። የአስተሳሰቡ መሠረት የሰዎች አእምሮ መረጃን የሚቀበልበት፣ የሚያደራጅበትና የሚያወጣበት መንገድ ከሰው ሰው እንደሚለያይ፣ ይህም ልዩነት ሁሉ በሽታ እንዳልሆነ ማመን ነው። ይህ ማለት ግን ችግር የለም ማለት አይደለም። ችግሩ በከፊል ከሰውየው አፈጣጠር፣ በከፊል ደግሞ ሰውየው ከሚኖርበትና ከሚሠራበት ሥርዓት ይመነጫል፤ መሥሪያ ቤት ሊለውጠው የሚችለው ሁለተኛውን ነው።

ልዩነቶቹ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደነበረው ይገምታል። ኦቲዝም ያለው ሰው ድምፅ፣ ብርሃንና ሽታ ከሌላው ሰው በበረታ ወይም በደከመ ሁኔታ ሊሰማው ይችላል፤ ንግግርን እንደተነገረው በቀጥታ የመረዳት ዝንባሌ አለው፤ ያልተጠበቀ ለውጥ ያስጨንቀዋል፤ በሚስበው ጉዳይ ላይ ደግሞ ለብዙ ሰዓታት ሳይሰለች ጠልቆ ይሠራል። ኤዲኤችዲ ያለው ሰው ትኩረት የሚባል ነገር የሌለው ሰው አይደለም፤ የሚከብደው ትኩረቱን በተፈለገው ሰዓት በተፈለገው ነገር ላይ ማዋል ነው። ጊዜ ምን ያህል እንዳለፈ ለመገመት፣ የሰማውን የአራት ነገር ትእዛዝ በአእምሮው ይዞ ለማቆየትና የጀመረውን አሰልቺ ሥራ ለመጨረስ ይቸገራል፤ ልቡን በሳበው ሥራ ላይ ግን ሌሎች ሊከተሉት የማይችሉት ጉልበት ይኖረዋል።

ዲስሌክሲያ ከንባብና ከጽሕፈት ጋር የተያያዘ፣ በቤተሰብ የሚወረስና ከማሰብ ችሎታ ጋር ግንኙነት የሌለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ልዩነት አማርኛ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ፊደልና ድምፅ እንደ እንግሊዝኛ በማይጣጣሙባቸው ቋንቋዎች ዲስሌክሲያ ጎልቶ የሚታየው በስሕተት ንባብ ነው፤ ፊደሉና ድምፁ በአብዛኛው በሚገጥሙባቸው ቋንቋዎች ግን በዋናነት የሚታየው በዝግታ ነው። ከ230 በላይ ሆሄያት ያሉት የአማርኛ ፊደል ከሁለተኛው ወገን የሚመደብ በመሆኑ፣ አንድ ሰው እያንዳንዱን ቃል በትክክል እያነበበ ነገር ግን ሌላው በሃያ ደቂቃ የሚጨርሰውን ሰነድ በአንድ ሰዓት ተኩል ሊጨርስ ይችላል። ስሕተት ስለማይታይበት ማንም ችግር አለበት ብሎ አይጠረጥርም፤ "ሰነፍ ነው" ወይም "ሳያነብ መጣ" ይባላል እንጂ። ከእነዚህ ሌላ የአካል ቅንጅትን የሚነካው ዲስፕራክሲያ፣ ከቁጥር ጋር የተያያዘው ዲስካልኩሊያና ያለፈቃድ በሚመጣ እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ የሚታወቀው ቱሬትም በዚሁ ማዕቀፍ ይጠቀሳሉ፤ በአንድ ሰው ላይ ሁለትና ሦስቱ ተደርበው መገኘታቸውም የተለመደ ነው።

እነዚህን ልዩነቶች ከአእምሮ ሕመምና ከአእምሮ እድገት ውስንነት ጋር ማምታታት በስፋት ይታያል። ከኦቲዝም ጋር የአእምሮ እድገት ውስንነት አብሮ ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በኢትዮጵያ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መነገር የጀመረው በአብዛኛው በወላጆች ድፍረት ነው፤ የኒያ ፋውንዴሽን መሥራች ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ ጉዳይ ሳይደብቁ ተናግረው በ2002 (እ.ኤ.አ.) ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ፤ ከዚያ በኋላም ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልን የመሳሰሉ ተቋማት ተከተሉ። የእነዚህ ወላጆች ሥራ ልጆችን ከተዘጋ በር ጀርባ ያወጣ ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም ውይይቱ እስካሁን ከሕፃናት ብዙም አልወጣም። በዚያን ዘመን ወደ ማዕከል የገቡ ሕፃናት ዛሬ ለሥራ ዕድሜ ደርሰዋል፤ ከእነርሱ ጎን ደግሞ ምርመራ የሚባል ነገር ሳያገኙ ተምረው፣ ተመርቀውና ተቀጥረው በየመሥሪያ ቤቱ የሚታገሉ እጅግ ብዙ ሰዎች አሉ። አዋቂን የሚመረምር ባለሙያ በአገራችን በቀላሉ ስለማይገኝ፣ የምርመራ ወረቀት ላመጣ ብቻ የሚሠራ የማመቻቸት፣ ማለትም የሥራን ሁኔታ ከሠራተኛው ፍላጎት ጋር የማስማማት፣ መመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ማንንም አይጠቅምም ብል ማጋነን አይሆንም።

በበለጸጉት አገሮች የተደረገው ሙከራ ትምህርት የሚሰጥ ነው፤ ከስኬቱ ያላነሰ ውስንነቱም። ዴንማርካዊው ቶርኪል ሶነ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለው ከታወቀ በኋላ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ስፔሻሊስተርነ የተባለ ድርጅት አቋቁመው ኦቲዝም ያላቸውን ሰዎች በሶፍትዌር ፍተሻና በመሰል ሥራ ማሰማራት ጀመሩ። የጀርመኑ የሶፍትዌር ኩባንያ ኤስኤፒ በ2013፣ ማይክሮሶፍትና የአሜሪካው ባንክ ጄፒሞርጋን ቼዝ በ2015 የየራሳቸውን የቅጥር ፕሮግራም ከፈቱ። እነዚህ ፕሮግራሞች የተለመደውን የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ትተው አመልካቹ እውነተኛ ሥራ እየሠራ በረጅም ጊዜ የሚታይበትን መንገድ ዘረጉ፤ በስፔሻሊስተርነ ዘዴ አመልካቾች በሌጎ ሮቦት እየሠሩ ችሎታቸውን ያሳያሉ። በዚህም በወረቀትና በወሬ ተመዝነው ቢሆን ኖሮ የሚጣሉ ሰዎች ጥሩ ሠራተኞች ሆነው ተገኙ።

ነገር ግን የእነዚህ ፕሮግራሞች ዝና ሁለት ጉዳት ይዞ መጥቷል ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፣ ኦቲዝም ያለው ሰው ሁሉ የኮምፒውተርና የቁጥር ሊቅ ነው የሚለውን ተረት ማስፋፋቱ ነው። ይህ ተረት ከንፈር ከሚመጥለት ርኅራኄ የተሻለ ይመስላል፤ ሆኖም ሰውየውን መደበኛ ሠራተኛ የመሆን መብት ይነሣዋል። ሥራ ለማግኘት ሊቅ መሆን ግዴታው የሆነበት ሰው ከሌላው ጋር እኩል አይደለም። ሁለተኛው ጉዳት የበሩ ጠባብነት ነው። በሩ የሚከፈተው ለመግቢያ ደረጃ የቴክኒክ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኃላፊነትና ወደ ቦርድ የሚወስደው መንገድ በነበረበት ይቆያል። በብሪታንያ ሰር ሮበርት በክላንድ የመሩትና በየካቲት ወር 2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ካሉ ኦቲዝም ካላቸው 10 ሰዎች ሥራ ያላቸው 3 ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ይህ ቁጥር ለአካል ጉዳተኞች በጠቅላላው 5፣ አካል ጉዳት ለሌለባቸው ደግሞ 8 ነው። ሕጉም፣ ገንዘቡም፣ ፕሮግራሙም ባለበት አገር ውጤቱ ይህ ከሆነ፣ ችግሩ ከቅጥር ዘመቻ ይልቅ በዕለት ተዕለት አሠራር ውስጥ መፈለግ አለበት።

ከቃለ መጠይቁ እንጀምር። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ኖአ ሳሶንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ሰዎች ኦቲዝም ያለውን ሰው በቪዲዮ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ አይተው እንኳ አብሮ ለመሆን የማይስብ አድርገው እንደሚመዝኑት አሳየ። ያንኑ ሰው የተናገረውን በጽሑፍ ብቻ ሲያነቡት ግን ይህ ዝቅ ያለ ግምት ጠፋ። ስለዚህ አመልካቹን የጣለው የሐሳቡ ይዘት ሳይሆን የፊቱ፣ የድምፁና የአኳኋኑ ሁኔታ ነው ማለት ነው። ብሪታንያዊው ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን ደግሞ በ2012 ያቀረቡት ሐሳብ፣ ያለመግባባቱ ኃላፊነት በአንድ ወገን ላይ ብቻ መጣል እንደሌለበት ያስገነዝባል፤ ኦቲዝም ያለው ሰው ሌላውን ለመረዳት እንደሚቸገር ሁሉ ሌላውም እርሱን ለመረዳት ይቸገራል።

በእኛ አገር ነገሩ ተጨማሪ ገጽታ አለው። በልጅነታችን ታላቅ ሲያናግረን ዓይን ዓይኑን እንዳናይ ተምረን እናድጋለን፤ ለሥራ ስንወዳደር ግን ዓይን እያዩ መናገር የመተማመን ምልክት ተደርጎ ነጥብ ይሰጥበታል። አብዛኛው ሰው ይህን ድንገተኛ የሕግ ለውጥ ማንም ሳይነግረው ይረዳል፤ ኦቲዝም ያለው ሰው ግን የመጀመሪያውን ሕግ በጥንቃቄ ጠብቆ በሁለተኛው ሊወድቅ ይችላል። ዓይን ማየት ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለመሐንዲስ ወይም ለሕግ አማካሪ የሥራው መስፈርት ካልሆነ ከመመዘኛው መውጣት አለበት። ጥያቄዎቹን ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ መስጠት፣ አጭር የተግባር ሥራ ማሠራት፣ ስለ ራስዎ ይንገሩን የሚለውን ወሰን የሌለው ጥያቄ ትቶ በሥራው ላይ ያጋጠመ አንድ እውነተኛ ችግር አቅርቦ መፍትሔ መጠየቅ ቃለ መጠይቁን አያቀልለውም። እንዲያውም መለካት ያለበትን ነገር በትክክል እንዲለካ ያደርገዋል።

ከቅጥር በኋላ ያለው ዋናው ጉዳይ የንግግራችን ሁኔታ ነው። አማርኛ ተናጋሪ በሰምና ወርቅ የሚኮራ ሕዝብ ነው፤ ቅኔው የባህላችን ክብር መሆኑ አያጠያይቅም፤ ለሥራ ትእዛዝ ግን አይሆንም። አንድ ኃላፊ "ያቺን ሪፖርት ብታያት ጥሩ ነበር" ሲል ዛሬ ማታ ተጠናቅቃ ትምጣ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ "እስቲ እናስብበት" ሲልም አይሆንም ማለቱ ይሆናል። ንግግርን እንደተነገረው የሚቀበለው ሠራተኛ ሪፖርቷን አይቶ ጥሩ ናት ብሎ ያስቀምጣታል፤ በወሩ መጨረሻ ታዛዥ አይደለም የሚል ግምገማ ይጠብቀዋል፤ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አይነገረውም። መፍትሔው ውድ አይደለም። ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚቀርብ፣ እስከ መቼ እንደሚጠናቀቅና ከሌሎቹ ሥራዎች የትኛውን እንደሚቀድም በጥቂት መስመር ተጽፎ ሲሰጥ ኦቲዝም ያለው ሠራተኛ ከግምት ይድናል፤ ኤዲኤችዲ ያለው ሠራተኛም የቃል ትእዛዙን በአእምሮው ይዞ ለመዞር ከሚያወጣው ጉልበት ያርፋል። ስለ ሥራው ጥራት የሚሰጥ አስተያየትም እንዲሁ ቀጥተኛ፣ ጨዋና በምሳሌ የተደገፈ መሆን አለበት።

የቢሮው አቀማመጥም ሊነሣ ይገባዋል። በሲቪል ሰርቪሱ የመሠረታዊ አሠራር ሂደት ለውጥ፣ በተለምዶ ቢፒአር የምንለው፣ በተተገበረበት ወቅት በብዙ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ፈርሶ ሠራተኞች በአንድ ሰፊ አዳራሽ እንዲቀመጡ ተደርጓል፤ የግል ባንኮችና ድርጅቶችም ይህንኑ ተከትለዋል። ለባለጉዳይ ግልጽነትን አምጥቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስልክ በሚጮህበት፣ ባለጉዳይ በሚመላለስበትና የመብራቱ ብልጭታ በማያቋርጥበት ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ መዋል የስሜት ሕዋሱ ለሚበረታበት ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያደክም ነገር ነው። አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ለትኩረት ሥራ መለየት፣ የጆሮ ማዳመጫ ማድረግን እንደ ንቀት አለመቁጠር፣ ወንበሩ ከመተላለፊያ ራቅ እንዲል መፍቀድ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ ሲቀር ሰዎቹ የሚያደርጉት ራሳቸውን መሸፈን ነው። የሌሎችን አነጋገርና ፈገግታ እየቀዱ፣ የሚያስጨንቃቸውን ድምፅ እንዳልሰሙ ሆነው፣ ቀስ ብለው ማንበባቸው እንዳይታወቅ ሰነዱን ሌሊት ቤታቸው ሲያነቡ አድረው ይመጣሉ። ይህ ዓይነቱ መሸፈን ከከባድ ድካም፣ ከጭንቀትና ከድብርት ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች አሳይተዋል። አሠሪው የሚያየው ግን ለዓመታት መልካም ሠርቶ በድንገት የሥራ መልቀቂያ የሚያስገባ ሠራተኛ ነው።

ወደ ቦርዱ ስንመጣ ችግሩ ይጠልቃል፤ ምክንያቱም ቦርድ ከማንኛውም የሥራ ክፍል ይበልጥ ባልተጻፈ ሕግ የሚመራ ነው። ማን ቀድሞ ይናገራል፣ የትኛው ተቃውሞ ጨዋነት ነው፣ የትኛው ድፍረት ነው፣ የትኛው ጉዳይ በስብሰባው የሚወሰን ነው፣ የትኛው ደግሞ በቡና ዕረፍት ወይም በምሳ ላይ አስቀድሞ ያለቀ ነው የሚለውን አዲስ ለሚመጣ አባል የሚያስረዳ ሰነድ የለም። አባላቱ የሚመረጡትም በአብዛኛው በትውውቅ ነው፤ ተግባቢ፣ ሰው የሚወደው፣ ከሁሉ ጋር የሚሄድ የሚሉት ቅጽሎች ከሙያው በፊት ይነሣሉ።

በዓለም ላይ ልዩነታቸውን በይፋ የተናገሩ የንግድ መሪዎች ሲዘረዘሩ የቨርጂኑ ሪቻርድ ብራንሰን፣ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት መሥራቹ ቻርልስ ሽዋብ፣ የጄትብሉ አየር መንገድ መሥራች ዴቪድ ኒልማንና የቤት ዕቃ ሻጩ ኩባንያ የአይኬአው ኢንግቫር ካምፕራድ ደጋግመው ይጠቀሳሉ። ሽዋብ ዲስሌክሲያ እንዳላቸው ያወቁት ልጃቸው ሲመረመር ነው፤ ካምፕራድም በዲስሌክሲያ ምክንያት የዕቃ መለያ ቁጥሮችን መያዝ ስለከበዳቸው የኩባንያው ዕቃዎች በቁጥር ፋንታ በስም እንዲጠሩ አደረጉ። እነዚህ ታሪኮች ሲነገሩ የሚዘለል አንድ ነገር አለ፤ አራቱም መሥራቾች ናቸው። ማንም ኮሚቴ መርጦ አላስገባቸውም፤ የሚሠሩበትን ክፍል ራሳቸው ለራሳቸው በሚስማማ መንገድ አበጁት። ካምፕራድ ተቀጣሪ የመጋዘን ኃላፊ ቢሆኑ ኖሮ የሚለወጠው የኩባንያው የስም አሰጣጥ ሳይሆን እርሳቸው ይሆኑ ነበር። ስለዚህ የእነርሱ ስኬት በሩ ክፍት ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ሊቀርብ አይገባም።

ታዲያ ሰብሳቢና የቦርድ ጸሐፊ ምን ማድረግ ይችላሉ? ከሰነዱ ይጀመር። ሰነድ ከስብሰባው ቢያንስ አምስት የሥራ ቀናት ቀድሞ ሊደርስ፣ የመጀመሪያው ገጹም ከቦርዱ የሚፈለገው ውሳኔ ምን እንደሆነ፣ አማራጮቹ ምንና ምን እንደሆኑ፣ ሥራ አስኪያጁ የትኛውን እንደሚደግፍና ለምን እንደሆነ በአጭሩ ሊገልጽ ይገባል። በአገራችን ሰነድ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበትና ስካን ተደርጎ መላኩ የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰነድ ፎቶግራፍ ስለሆነ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ፕሮግራም ሊያነበው አይችልም፤ ፊደሉን አጉልቶና መስመሩን አራርቆ ማንበብም አይቻልም። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ለመዝገብ ይቀመጥ፤ ለአባላት ግን ዋናው የኮምፒውተር ጽሑፍ አብሮ ይላክ። ዋና ዋና ነጥቦቹን ጸሐፊው በአሥር ደቂቃ ድምፅ ቀርጾ ቢልክ በንባብ ለሚዘገየው አባል ብቻ ሳይሆን በመኪና መንገድ ላይ ለሚውለውም ይጠቅማል።

የአነጋገሩ ሥርዓት ከሰነዱ ያላነሰ ክብደት አለው። ሰብሳቢው ሐሳቡን መጀመሪያ ከተናገረ፣ ታላቅን ማክበር በሚወደድበት ባህል ውስጥ ስብሰባው እዚያው ያልቃል። ሰብሳቢው መጨረሻ ይናገር፤ አዲሱ አባል መጀመሪያ ይናገር፤ እያንዳንዱ አባል ሳይቋረጥ የሚናገርበት ተራ ይኑረው፤ በጽሑፍ አስቀድሞ የተላከ አስተያየትም በቃል ከተነገረው እኩል ተነቦ በቃለ ጉባኤ ይግባ። ትልቅ ውሳኔ መጀመሪያ በቀረበበት ስብሰባ ባይጸድቅና ለውይይትና ለውሳኔ ሁለት ቀናት ቢለዩለት፣ ሐሳቡ በሁለተኛው ቀን የሚበስልለት አባል ከቦርዱ አይጠፋም። በቡና ዕረፍት የተባለው ነገር ደግሞ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ለሁሉም ካልተነገረ እንዳልተባለ ይቆጠር።

አንድ ማመቻቸት ሁሉንም ይጠቅማል ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። አማዞን ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በከፍተኛ ኃላፊዎች ስብሰባ ስላይድን አስቀርቶ ስድስት ገጽ የሚደርስ ጽሑፍ በስብሰባው መጀመሪያ በጸጥታ እንዲነበብ ማድረጉ ይታወቃል። ይህ ለማሰብ ጸጥታ ለሚያስፈልገው ኦቲዝም ላለው ሰው ትልቅ እፎይታ ሊሆን ይችላል፤ ዲስሌክሲያ ላለው ሰው ግን ሌሎቹ ጨርሰው ቀና ሲሉ እርሱ ሦስተኛው ገጽ ላይ የሚገኝበት የፈተና አዳራሽ ይሆንበታል። ያንኑ ጽሑፍ ቀድሞ የላከ ሰብሳቢ ሁለቱንም ይጠቅማል። በእጁ የሆነ ነገር እያሻሸ ካልሆነ ማዳመጥ የማይችል አባል አጠገብ ትንሿ ድምፅ የምትረብሸው አባል ሊቀመጥ ይችላል፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ደንብ ከማውጣት ይልቅ ለእያንዳንዱ አማራጭ መስጠት ይሻላል።

ቦርድ ከእነዚህ አባላት ሊያገኘው የሚችለው ነገር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ የማይወደደው ነገር ነው። የዚህ ሩብ ዓመት ቁጥር ካለፈው ሪፖርት ጋር ለምን አይገጥምም ብሎ ሳያለዝብ የሚጠይቅ አባል የስብሰባውን ወዳጅነት የሚያበላሽ ይመስላል። ቦርድ ግን የተቋቋመው ሥራ አመራሩን ሊጠይቅ ነው። የሰብሳቢው ኃላፊነት የጥያቄውን አቀራረብ ትቶ ጥያቄው መልስ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። የብሪታንያ የኩባንያ አስተዳደር ደንብ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሲሻሻል፣ የቦርድ ሹመት ከጾታና ከማኅበራዊ መነሻ ብዝኃነት ጋር የአስተሳሰብ ብዝኃነትንም እንዲያበረታታ የጠየቀው ስለዚሁ ነው፤ አንድ ዓይነት አስተሳሰብ ያላቸው ሰዎች የጋራ ስሕተታቸውን አያዩትምና።

ሕጉስ ምን ይላል? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 (እ.ኤ.አ.) አጽድቃለች። ከዚያም በፊት የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮና የስሜት ሕዋስ ጉዳትንም ያካትታል፤ አሠሪ ከሥራ መሣሪያ፣ ከሥራው መስፈርት፣ ከሥራ ሰዓትና ከሥራ አካባቢ አንጻር ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም ከሚያመጣ ሁኔታ በቀር። አዋጁ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት ስለ መወጣጫና ስለ ተሽከርካሪ ወንበር ነው፤ የተጻፈ ትእዛዝና ጸጥ ያለ ክፍልም ከዚሁ ድንጋጌ መንፈስ ይመነጫሉ። የቦርድ አባል ግን በተለምዶ የሥራ ውል ያለው ተቀጣሪ ስላልሆነ፣ ለእርሱ የሚደረገውን ማመቻቸት ቦርዱ በራሱ የውስጥ ደንብ መጻፍ ይኖርበታል።

በአሜሪካ የሚሠሩ ወገኖቻችን ደግሞ 15 ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በ1990 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ማመቻቸት እንዲያደርግላቸው የመጠየቅ መብት አላቸው። በአገሪቱ የሠራተኛ ሚኒስቴር የሚደገፈው ጆብ አኮሞዴሽን ኔትወርክ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም በነጻ ያማክራል፤ አሠሪዎችን ጠይቆ ባሰባሰበው መረጃም ከማመቻቸቶቹ ግማሽ ያህሉ ምንም ገንዘብ አላስወጡም። በብሪታንያ ያለ ሰው በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ይጠበቃል፤ አክሰስ ቱ ወርክ ከተባለው የመንግሥት ፕሮግራምም የገንዘብ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። በልጆቻቸው ምርመራ ምክንያት ስለራሳቸው መጠርጠር የጀመሩ ወላጆች በዳያስፖራው ውስጥ ጥቂት አይደሉም፤ ለእነርሱ ይህ መረጃ የልጃቸውን ያህል የራሳቸውም ጉዳይ ነው።

ኃላፊዎች አንድ ነገር ፈጽሞ እንዳያደርጉ አደራ እላለሁ፤ ሠራተኛን አይተው ኦቲዝም አለበት ወይም ኤዲኤችዲ ነው ብለው ስም አይስጡ። ምርመራ የሐኪም ሥራ ነው። የኃላፊ ሥራ ለሁሉም ሠራተኛ በእኩል ሥራዎን እንዳይሠሩ የሚያስቸግርዎት ምንድን ነው፣ ምን ቢለወጥ ይሻልዎታል ብሎ መጠየቅ፣ የተነገረውን በምስጢር መያዝና መልሱን በጽሑፍ መስጠት ነው። ሠራተኛው የነገረው ነገር ቆይቶ በግምገማ ቅጹ ላይ ብቅ ካለ፣ በዚያ መሥሪያ ቤት ከዚያ በኋላ ማንም አይናገርም። የሥራው ጥራት መለኪያ ደግሞ ዝቅ ማለት የለበትም፤ የሚለወጠው ወደ ውጤቱ የሚደረስበት መንገድ ነው።

ከፍ ያለ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው፣ ጥቂት የሚናገሩ ወይም ጨርሶ የማይናገሩ ወጣቶችም ከዚህ ውይይት ውጭ መሆን የለባቸውም። ለእነርሱ የሚሆነው ሥራ በቀን የተወሰነ ሰዓት የሚሠራ፣ ቅደም ተከተሉ በሥዕል የተቀመጠና በመጀመሪያዎቹ ወራት አጠገባቸው ሆኖ የሚያሠለጥን ሰው ያለበት ሊሆን ይችላል። ኩባንያዎች ከኦቲዝም ማዕከላት ጋር ተነጋግረው እንዲህ ያሉ የሥራ ቦታዎችን መለየት ይችላሉ። ቦርዱም በበኩሉ ከሰው ኃይል ክፍል በየዓመቱ ሪፖርት ሊጠይቅ ይገባል፤ ስንት ሠራተኞች ማመቻቸት ጠየቁ፣ መልስ ለማግኘት ስንት ቀን ወሰደባቸው፣ ከጠየቁት ውስጥ ስንቶቹ ከዓመት በኋላም በሥራ ላይ አሉ፣ ስንቶቹስ የደረጃ እድገት አገኙ። ይህ ሪፖርት ከሒሳብ ሪፖርቱ ጋር በአንድ አጀንዳ፣ በአንድ ሰነድና ከስብሰባው አምስት ቀን ቀድሞ ለአባላት ይላክ።